ኮቢ ማይኑ፦ ሳይጫወት ስሙ የገነነ አማካይ

ዲሴምበር 15 ቀን 2025 ማንቸስተር ዩናይትድ በሜዳው ከበርንማውዝ ጋር 4 ለ 4 ተለያየ። (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስምንት ጎል የታየበት ምሽት ነበር። በማግስቱ የተወራው ግን ስለ ጎሎቹ ብቻ አይደለም። አንድ ቲሸርትም ብዙ አነጋግሯል። የዩናይትዱ አማካይ የኮቢ ማይኑ ወንድም «ኮቢ ማይኑን ልቀቁት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ለብሶ ኦልድ ትራፎርድ ተገኘ። ፎቶው ከጨዋታው ውጤት ባልተናነሰ ፍጥነት ተሰራጨ።

ማይኑ ያኔ 20 ዓመቱ ነው። በዚያ የውድድር ዓመት እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቋሚ አሰላለፍ አልጀመረም። ስሙ ግን ከሚጫወቱት በላይ ይነሳ ነበር። እኛ ሀገርም ነገሩ ያው ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የሚያዘወትር የማንቼ ደጋፊ አሰላለፍ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ማይኑ መኖር አለመኖሩን ሆኖ ነበር። ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። አንዱ «ልጁን እየገደሉት ነው» ይላል፤ ሌላው «ምን ስላደረገ ነው?» ብሎ ይመልሳል።

ጎል ያገባ ተጫዋች ሲወደድ አይገርምም። ሳይጫወት የሚወደድ ግን ምክንያት ይፈለግለታል። የእኔ አስተያየት ይኸውና። ማይኑን ያገነነው እግሩ ብቻ አይደለም፤ የሚጫወትበት ክለብ የገባበት ምስቅልቅል ነው። የያኔው አሰልጣኝ ሩበን አሞሪምም ደጋፊው እንደሚለው ያን ያህል ጥፋተኛ አልነበረም። ሁለቱንም ለማየት ከመጀመሪያው እንነሳ።

የሰፈሩ ልጅ

ኮቢ ማይኑ ኤፕሪል 19 ቀን 2005 ስቶክፖርት ተወለደ። ስቶክፖርት ለማንቸስተር ጎረቤት ከተማ ናት። ወላጆቹ ጋናውያን ናቸው። በልጅነቱ ፌይልስዎርዝ ዳይናሞስ በሚባል የሰፈር ቡድን ተጫወተ፤ ከዚያ በትንሽነቱ የዩናይትድ አካዳሚ ወሰደው። በ2022 ዩናይትድ የወጣቶች ኤፍኤ ካፕን ሲያነሳ ከቡድኑ ውስጥ ነበር። የፍጻሜው ተጋጣሚ ኖቲንግሃም ፎረስት ሲሆን ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። ለወጣቶች ጨዋታ ከ67 ሺህ በላይ ሰው ኦልድ ትራፎርድ ገባ። አሌሃንድሮ ጋርናቾም የዚያው ቡድን ልጅ ነው።

በዋናው ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው ጃንዋሪ 10 ቀን 2023 በካራባዎ ካፕ (በእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) ከቻርልተን ጋር ነው። በቀጣዩ ክረምት አሰልጣኙ ኤሪክ ቴን ሃግ በዝግጅት ጨዋታዎች በቋሚነት ያሰልፈው ጀመር። «በቃ፣ ዘንድሮ የእሱ ነው» ሲባል ሂውስተን ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር በነበረው ጨዋታ ገና ከጅምሩ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ወራት አለፉ።

ሲመለስ ደግሞ በጣም ከሚጮህ ስታዲየም ተጣለ። ኖቬምበር 26 ቀን 2023፣ ጉዲሰን ፓርክ፣ ከኤቨርተን ጋር። የመጀመሪያው የሊግ ቋሚ ተሰላፊነቱ ነው። ኤቨርተን የክለቦችን ኪሳራ የሚገድበውን ሕግ ጥሷል ተብሎ ከቀናት በፊት 10 ነጥብ ተቀንሶበታል። ደጋፊው ተቆጥቷል፣ ስታዲየሙ በተቃውሞ ወረቀት ተሞልቷል። ዩናይትድ 3 ለ 0 አሸነፈ። ዓለም የሚያስታውሰው ጋርናቾ ተገልብጦ በመቀስ ምት ያስቆጠረውን ጎል ነው። ማይኑ ግን ያን ቀን መሃል ሜዳ ላይ ከ18 ዓመት ልጅ የማይጠበቅ እርጋታ አሳየ፤ ከጎሉ መስመር ላይ አንድ ኳስም አወጣ። ኤቨርተንን የቀጣው ያ ሕግ በኋላ ወደ ማይኑም ታሪክ ይገባል። እንመለስበታለን።

እግሩ ላይ ያለው ነገር

ማይኑ ረጅም አይደለም። ፈጣንም አይደለም። አብዶ የሚያበዛ ዓይነትም አይደለም። ታዲያ ምኑ ነው?

አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ ኳስ አቀባበሉን። ተከላካዩ ኳስ ሲሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ለተጋጣሚ ጎል ነው። ከኋላው አንድ ሰው እየሮጠ ይመጣበታል። ብዙ ወጣት አማካይ እዚህ ጋ ይደነግጥና ኳሱን ወደ መጣበት ይመልሳል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ግን ቡድኑ አንድ እርምጃ አልሄደም ማለት ነው። ማይኑ ኳሱ ሳይደርሰው ትከሻውን አልፎ ያያል። ሰውነቱን ገና ኳሱ መንገድ ላይ እያለ በግማሽ ያዞራል። ከዚያ ኳሱን አያቆመውም፤ እንዲያልፍ ይለቀውና አብሮት ይዞራል። እየሮጠ የመጣው ሰው በራሱ ፍጥነት አልፎት ይሄዳል። መርካቶ ግፊያ ውስጥ ዕቃ ይዞ ማንንም ሳይነካ እንደሚያልፍ ሰው ነው። አንድ ተጋጣሚ ከጨዋታ ወጣ፣ ሜዳው ከፊቱ ተከፈተ። ጎል የለም፣ አሲስት የለም፣ በቁጥር የሚመዘገብ ነገርም እምብዛም የለም። ስታዲየም ያለው ሰው ግን አየው።

ደጋፊው ልጁን የወደደው መጀመሪያ በዚህ ነው። ዩናይትድ ለዓመታት ያጣው ይህንን ነው። በጫና ውስጥ ኳስ የሚቀበል፣ የማይደነግጥ አማካይ። በ2022 ካሴሚሮን በ60 ሚሊዮን ፓውንድ የገዙት ልምድና ጉልበት ፍለጋ ነበር፤ እሱም ሰጣቸው። ኳስ ተቀብሎ መዞር ግን የእሱ ሥራ አልነበረም።

ድክመቱንም እንናገር፤ አድናቂዎቹ ይህንን መዝለል ይወዳሉ። ማይኑ ሰፊ ሜዳ መሸፈን አይችልበትም። ኳስ ሲነጠቅና ተጋጣሚ ሲሮጥ አብሮ ለመመለስ እግሩ ይከብደዋል። ረጅም ኳስ ከአንድ መስመር ወደ ሌላው የማሻገር ልማዱም ትንሽ ነው። በአጭር ቦታ ጌታ ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ግን አጋዥ ያስፈልገዋል። ይህንን ያዙልኝ።

ስሙን የተከሉት ጎሎች

የሚገርመው፣ ስሙን የተከሉት ጎሎች ናቸው። በ2023/24 ያስቆጠረው አምስት ብቻ ነው። ግን አገባቡንና ጊዜውን እዩ።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ዩናይትድ ዎልቭስ ሜዳ ላይ 3 ለ 1 እየመራ ነበር። ዎልቭሶች ተመልሰው ደረሱበት፤ በ95ኛው ደቂቃ 3 ለ 3 ሆነ። በ97ኛው ደቂቃ ማይኑ በግራ በኩል ኳስ ተቀበለ። አንዱን ተከላካይ በእግሮቹ መካከል አሾልኮ አለፈው፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ኳሱን ጠምዝዞ በሩቁ ጥግ አሳረፈው። የመጀመሪያው የሊግ ጎሉ ነው። በኤፕሪል ሊቨርፑል ላይ አንድ ድንቅ ጎል ጨመረ።

ሜይ 25 ደግሞ ዌምብሌይ፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ማንቸስተር ሲቲ። ማንም ዩናይትድ ያሸንፋል አላለም፤ በሊጉ 8ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ጋርናቾ አንዱን አገባ። ከዚያ ራሽፎርድ ከግራ ወደ ቀኝ ረጅም ኳስ ጣለ። ጋርናቾ ወደ መሃል ሰጠ። ብሩኖ ፈርናንዴዝ ኳሱን በአንድ ንክኪ፣ ሳያይ፣ ወደ ጎን ለቀቀው። ማይኑ እየመጣ ነበር። አልጠለዘውም። በእግሩ ውስጠኛ ጎን ጥግ ውስጥ አስቀመጠው። 2 ለ 1 አለቀ። ሁለቱም ጎል አግቢዎች የ19 ዓመት ልጆች ናቸው። የጨዋታው ኮከብ ማይኑ ተባለ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ፈጠነ። በማርች ለእንግሊዝ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገ ልጅ በጁላይ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በርሊን ውስጥ በቋሚነት ተሰለፈ። ጋሬዝ ሳውዝጌት መሃል ሜዳው አልሆን ሲለው ከስሎቫኪያው ጨዋታ ጀምሮ ለማይኑ ሰጠው። ፍጻሜውን እንግሊዝ በስፔን 2 ለ 1 ተሸነፈች። በ70ኛው ደቂቃ ማይኑ ወጥቶ ኮል ፓልመር ገባ፤ ፓልመር በሦስት ደቂቃ ውስጥ አቻ አደረገ። አንዳንዱ ይህንን እንደ ክስ ያነሳዋል። እኔ አይመስለኝም። እየተሸነፈ ያለ ቡድን አጥቂ ለማስገባት አማካይ ማስወጣቱ የተለመደ ነው።

የተረሳው ነገር ድካሙ ነው። ከኖቬምበር እስከ ጁላይ አንድ ልጅ ከወጣት ቡድን ተነስቶ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። አካል ግን የራሱን ሒሳብ ይይዛል። በ2024/25 ሁለት ጊዜ ተጎድቶ ወራት ከሜዳ ራቀ። ባርሴሎና ፔድሪን በ2020/21 ለክለብም ለሀገርም 73 ጨዋታ ካጫወተ በኋላ ልጁ በጡንቻ ጉዳት የከፈለውን ያየ ሰው በዚህ አይገረምም። ወጣት አማካይ ሲገኝ ሁሉም ሰው ቶሎ መጠቀም ይፈልጋል።

አሞሪም ምን አየ?

ቴን ሃግ ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ተባረረ። ሩበን አሞሪም ከሊዝበን መጣ። ይዞት የመጣው አሰላለፍ 3-4-2-1 ነው። ከማንም ጋር ቢጣላ ለመቀየር እጅግ ያመነታ ነበር።

የማይኑ ችግር የጀመረው ከዚህ ቁጥር ነው። በዚህ አሰላለፍ መሃል ሜዳ ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተጋጣሚ በሦስት አማካይ ሲመጣ ሁለቱ የሦስት ሰው ሜዳ መሸፈን አለባቸው። መሮጥ፣ መመለስ፣ መጋፋት፣ እንደገና መሮጥ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ድክመት እዚህ ጋ አፈጠጠ። አሞሪም መጀመሪያ ልጁን ወደ ፊት አወጣው። ከአጥቂው ጀርባ አጫወተው፤ ፌብሩዋሪ 2025 ከክሪስታል ፓላስ ጋር ጭራሽ እንደ አጥቂ አሰለፈው። ዩናይትድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሙከራው እዚያው ቀረ።

ልጁ ግን ያን ዓመት አንድ የማይረሳ ምሽት ሰጣቸው። ኤፕሪል 17 ቀን 2025፣ ዩሮፓ ሊግ፣ ከሊዮን ጋር። ሊዮን አንድ ሰው በቀይ ካርድ አጥቶ በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ይመራል። ሰው ስታዲየሙን ለቆ መውጣት ጀምሯል። ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰ። በ120ኛው ደቂቃ ማይኑ ሳጥኑ ውስጥ ኳስ አገኘ። በዚያ ትርምስ መሃል ሁሉም ሰው ይቸኩላል። እሱ ኳሱን ወደ ቀኝ እግሩ አመቻቸ፣ ቦታ ፈለገ፣ ጥግ ውስጥ አስገባው። ከደቂቃ በኋላ ማጓየር በጭንቅላቱ 5 ለ 4 አደረገው። ማይኑ 20 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ፍጻሜውን ግን ቶተንሃም 1 ለ 0 ወሰደው። ዩናይትድ በሊጉ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህ ማለት በ2025/26 የአውሮፓ ውድድር የለም። ኦገስት ላይ ደግሞ በአራተኛው እርከን ከሚጫወተው ግሪምዝቢ ጋር ካራባዎ ካፕ ላይ 2 ለ 2 ተለያይቶ በመለያ ምት 12 ለ 11 ተሸነፈ። ጃንዋሪ ላይ ከኤፍኤ ካፕም ብራይተን አሰናበተው። በሙሉ የውድድር ዓመቱ የነበረው 40 ጨዋታ ብቻ ነው። ለአንድ ትልቅ ክለብ ይህ ምንም ማለት ነው።

ሰው ይህንን ነጥብ በደንብ ያየው አይመስለኝም። ትልቅ ክለብ ውስጥ ወጣት የሚያድገው ሐሙስ በአውሮፓ፣ ረቡዕ በካራባዎ ካፕ ነው። ዋናዎቹ ሲያርፉ ልጁ ይገባል፣ ይሳሳታል፣ ይማራል። ያን ዓመት ዩናይትድ ውስጥ የሚያርፍ ሰው አልነበረም። በሳምንት አንድ ጨዋታ ነው። ካሴሚሮ ትኩስ ነው። ብሩኖ ትኩስ ነው። ማይኑ በቋሚነት የጀመረው ያው የግሪምዝቢው ጨዋታ ነበር፤ እሱም እንደዚያ አለቀ።

አሞሪም ሲጠየቅ ማይኑ ቦታውን የሚፎካከረው ከብሩኖ ጋር ነው ብሎ ነበር። ብሩኖ ማለት አምበሉ ነው። አይጎዳም፣ አይደክምም፣ አይወጣም። ስለዚህ መልሱ በትህትና የተነገረ «ቁጭ በል» ነው። ልጁ በነሐሴው የዝውውር መስኮት መጨረሻ በውሰት ልሂድ ብሎ ጠየቀ። ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ዓመት ነው፤ የማይጫወትን ሰው ደግሞ ማንም ለብሔራዊ ቡድን አይጠራም። ክለቡ እምቢ አለ። አይሰለፍም፣ አይለቀቅም። ቲሸርቱ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ዕድልም አልቀናውም። ዲሴምበር 21 ብሩኖ አስቶን ቪላ ሜዳ ላይ ተጎድቶ ወጣ። ለወራት የተጠበቀው ቀዳዳ ተከፈተ። ማይኑ ግን በዚያው ሰሞን ባቱን ተጎድቶ ቤቱ ነበር።

የሚሸጠው የቤት ልጅ

ደጋፊው ለምን እንደዚያ ተቆጣ? ተጫዋች ቁጭ ማለቱ አዲስ ነገር አይደለም። ቁጣው የመጣው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለገመተ ነው፤ ሽያጭ።

ወደ ኤቨርተን ሕግ እንመለስ። የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ደንብ ወጥቶለት ነበር። እዚህ ጋ የሒሳብ አያያዝ ይገባል። ክለቡ አንድ ተጫዋች በ50 ሚሊዮን ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢያስፈርም በመዝገብ ላይ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ወጪ ይጽፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ገና 30 ሚሊዮን ይቀረዋል። በ40 ሚሊዮን ቢሸጠው ትርፉ 10 ብቻ ነው። አካዳሚ ውስጥ ያደገ ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ የለም። መዝገቡ ላይ ዜሮ ነው። በ40 ሚሊዮን ቢሸጥ 40ውም ትርፍ ነው።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ቼልሲ ከልጅነቱ ያሳደገውን ሜሰን ማውንትን በ2023 ሸጠ። የገዛው ማን ነው? ዩናይትድ፤ በ55 ሚሊዮን ፓውንድ። በቀጣዩ ዓመት ዩናይትድ በተራው ስኮት ማክቶሚኔይን ለናፖሊ ሸጠ። ማክቶሚኔይ እዚያ ደርሶ በመጀመሪያ ዓመቱ የሴሪ አ ሻምፒዮን ሆነ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ቴን ሃግ ራሱ ያኔ ደንቡ ክለቦችን ልጆቻቸውን እንዲሸጡ ይገፋል ብሎ ተነጫንጯል። በ2025 ክረምት ጋርናቾ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ቼልሲ ሄደ። ያን የወጣቶች ዋንጫ አብረው ካነሱት፣ ዌምብሌይ ላይ አብረው ካገቡት ሁለቱ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ቀጣዩ ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ከ2026/27 ጀምሮ ደንቡ ይቀየራል ተብሏል፤ ክለቦቹ በኖቬምበር 2025 ድምፅ ሰጥተው የቡድን ወጪን ከገቢ 85 በመቶ ጋር የሚያስተሳስር ሥርዓት አጽድቀዋል። ግን በአዲሱም ከተጫዋች ሽያጭ የሚገኝ ትርፍ ይቆጠራል። ስለዚህ የቤት ልጅ ለሒሳብ ሠራተኛው ያው የሚያጓጓ ሰው ሆኖ ይቀጥላል።

ዩናይትድ ውስጥ ይህ ነገር የሚያመው በታሪክ ምክንያት ነው። ከኦክቶበር 1937 ጀምሮ ክለቡ ያደረገው እያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ከአካዳሚው የወጣ ቢያንስ አንድ ተጫዋች በቡድኑ ውስጥ አለ። በዲሴምበር 2019 ይህ 4,000 ጨዋታ ሞላ። ሌላ ክለብ ዋንጫ እንደሚቆጥር እነሱ ይህንን ይቆጥራሉ። በዚህ ላይ የያኔውን ሁኔታ ጨምሩበት፤ የክለቡን ባለቤቶች ግሌዘሮችን የሚጠላ ደጋፊ፣ ከባለድርሻው ጂም ራትክሊፍ መምጣት በኋላ በ2024 ሥራቸውን ያጡ ወደ 250 ሠራተኞች፣ 15ኛ ደረጃ። ደጋፊው «ይህ ገና የእኛ ነው» የሚልበት ነገር ፈልጎ አጣ። ያገኘው ስቶክፖርት የተወለደ፣ 37 ቁጥር የለበሰ፣ የማይናገር ልጅ ነው።

የማይናገር ያልኩት በምክንያት ነው። ማይኑ በዚያ ሁሉ ወር ወጥቶ አላማረረም። ዝም ያለ ሰው ላይ ሁሉም የራሱን ብሶት መጻፍ ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ ከቲሸርቱ በኋላ ክርክሩ ስለ ማይኑ መሆኑ ቀርቶ ስለ አሞሪም ሆነ። ልጁን የማያውቅ ሰው ሁሉ ስሙን ለአሰልጣኙ መደብደቢያ አደረገው። ለአንድ የ20 ዓመት ተጫዋች ይህ ዓይነት ፍቅር ከባድ ነው። ሲገባ በተለመደው መንገድ ኳስ ቢያቀብል «ይኸው ነው?» ይባላል።

እኛ ጋ ያለው ፍቅር ደግሞ ሌላም ነገር አለበት። «የአፍሪካ ልጅ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ለጋና መጫወት ይችል ነበር። የ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ግን ጉዳዩን ዘጋው። በዋናው ብሔራዊ ቡድን ትልቅ ውድድር ላይ የተጫወተ ሰው ከዚያ በኋላ ሀገር መቀየር አይፈቀድለትም። ይህንን እኛም እናውቀዋለን። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ ለቼክ ሪፐብሊክ ከ50 ጨዋታ በላይ ሲሰለፍ እኛ ስሙን ማልያው ላይ እያነበብን በኩራት አይተናል። ከኩራቱ በቀር እጃችን የገባ ነገር የለም።

ካሪክና ሃያ ሜትር

አሞሪም ጃንዋሪ 5 ቀን 2026 ተሰናበተ። እስከ ውድድሩ መጨረሻ ማይክል ካሪክ ተሾመ። ካሪክ ከ2006 እስከ 2018 በዩናይትድ መሃል ሜዳ የተጫወተ ሰው ነው። እሱም ያለ ጩኸት ኳስ የሚያቀብል አማካይ ነበር። ብዙ ሰው ዋጋው የገባው ካቆመ በኋላ ነው።

ጃንዋሪ 17፣ የመጀመሪያ ጨዋታው፣ ተጋጣሚው ሲቲ። ካሪክ የአሞሪምን ሦስት ተከላካይ ተወው፤ 4-2-3-1 ይዞ ገባ። ካሴሚሮና ማይኑ ሁለቱ አማካዮች ሆኑ። ብሩኖ ከእነሱ ፊት። ዩናይትድ 2 ለ 0 አሸነፈ። ከስምንት ቀን በኋላ ኤሚሬትስ ላይ አርሰናልን 3 ለ 2 ረታ። በሁለቱም ማይኑ ቋሚ ነበር።

ምን ተቀየረ? ልጁ በአንድ ወር አዲስ እግር አላበቀለም። ብሩኖ ሃያ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄደ፤ ይኸው ነው። ብሩኖ ወደ ፊት ሲሄድ መሃል ሜዳው ሦስት ሰው ሆነ። ማይኑ የሚሸፍነው ሜዳ ጠበበ። ጠባብ ሜዳ ደግሞ የእሱ ነው። ቅድም ሁለቱ ለአንድ ቦታ ይፎካከራሉ የተባሉት ሰዎች አንዱ ኳስ አውጥቶ ሌላው ወደ ጎል የሚያደርስ ሆኑ።

አሞሪም ማይኑ ለሁለት ሰው መሃል ሜዳ አይሆንም ማለቱ ከእኔ አንጻር ስህተት አልነበረም። ደጋፊው ይህንን መቀበል አልፈለገም። የአሞሪም ጥፋት ሌላ ነው። ካለው ልጅ ጋር የሚሄድ አሰላለፍ ከመፈለግ ይልቅ ለአሰላለፉ የሚሆን ልጅ ጠበቀ። በዓመት 40 ጨዋታ ብቻ ያለው ክለብ ደግሞ ለመጠበቅ ጊዜ የለውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ስለ ጎረቤቱ ነው። ካሴሚሮ በፌብሩዋሪ 2026 34 ዓመት ሞልቶታል። እሱ ሲሄድ ከማይኑ ጎን የሚቆመው ማን ነው? ሌላ ኳስ አቀባይ፣ ለዓይን የሚያምር አማካይ ከተገዛ ልጁ እንደገና ሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ «አይሮጥም» የሚለው ክስም ይመለሳል። የሚያስፈልገው የሚሮጥ፣ ኳስ የሚነጥቅ፣ ተከላካዮቹ ፊት የሚቆም፣ ኳሱን ነጥቆ ቶሎ ለጎረቤቱ የሚሰጥ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ማልያ አያሸጥም፤ ስሙም በየዲኤስቲቪ ቤቱ አይጠራም። ማይኑ በ23 ዓመቱ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ግን በአብዛኛው የዚህ ሰው ግዢ ነው።